የእማማ አትጠገብ መሐላ

የበረኪና ሽታ ለብቻው ምንም አይለኝም። ከዝናብ የገባ እርጥብ ጋቢ ሽታ ሲጨመርበት ግን ካለሁበት ይወስደኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንጅባራ በተኛሁበት ሆስፒታል የሆነው ይኸው ነው። ፅዳቷ ሴትዮ ወለሉን ወልውላ ገና መወልወያዋን ሳታወጣ፣ ከገጠር የመጣች ነፍሰ ጡር ሁለት ሰዎች ደግፈዋት ገባች። ጋቢዋ ውኃ ያንጠባጥባል። ከጎኔ ካለው አልጋ አስቀምጠዋት ጋቢውን ራስጌው ብረት ላይ ሲያሰጡት ሁለቱ ሽታዎች እኔ ላይ ተገናኙ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳንግላ ነበርኩ፤ ልጅ ነበርኩ፤ እማማ አትጠገብም አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር።

እዚህ ከገባሁ ሰንብቻለሁ። ደም ግፊቴ አልወርድ ብሎ «እስክትወልጂ ከዚህ ንቅንቅ የለም» ተብያለሁ። ሲስተሯ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ጠቅልላ ትለካኛለች። ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ከልብሽ በታች ካመመሽ ቶሎ ጥሪኝ ትለኛለች። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ልጁ ሲንፈራገጥ ልብ በይ ትለኛለች። እሺ እላለሁ፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው። መስኮቱ በዝናብ ታውሯል፣ ቀኑ ከሌላው ቀን አይለይም። ባለቤቴ ምሳ ሲያመጣልኝ የባጃጁ ሞተር ሲጠፋ እሰማዋለሁ፤ ሲነሳም እሰማዋለሁ፤ ሲነሳ አብሬው መሄድ ያምረኛል። የልብስ ስፌት ቤቴን ቆልፌ፣ የሰው ቀሚስ መርፌ እንደተሰካበት ትቼ ነው የመጣሁት። የታሰረ ጥጃ እንኳ ገመዱን ያኝካል፤ እኔ የማኝከው የለኝም።

እማማ አትጠገብ የመንደራችን አዋላጅ ነበሩ። መንደራችን ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። ከወንዙ ማዶ ከእኔ እኩዮች የእሳቸው እጅ ያልተቀበለው አልነበረም። ገበያ መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰው ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም፤ «ይች የእኔ ናት፤ በእግሯ ልምጣ ብላ ያስቸገረችኝ!» ብለው ያሳፍሩናል። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ምላሳቸው የሚፋጅ ሴት ነበሩ። እጃቸው ግን የልጅ እጅ ነበር፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ለጋ ቅቤ ለጋ ቅቤ የሚሸት። መንደሩ ሁሉ ከሰል አክሳይ ሆኖ ጣቱ ሲጠቁር እሳቸው ከሰል አይነኩም፣ ድንጋይ አያነሱም። «እጄ የማርያም ነው» ይላሉ፤ ሰውም ያምናቸዋል። ምጥ ካለበት ቤት ሲገቡ በሩን ሳያልፉ «ማርያም ትቅረብሽ» ይላሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ጓዳ ያልፋሉ።

በኋላ ቀበሌያችን ጤና ኬላ ተሠራና እማማ አትጠገብን ጠርተው አሠለጠኗቸው። ቤት ውስጥ ማዋለድ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ የእርስዎ ሥራ እናቶችን ይዞ ወደ ሐኪም መምጣት ነው አሏቸው። ሲመለሱ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ካናቴራ ተሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ካናቴራውም ለጎረምሳ እንጂ ለእሳቸው ልክ አይሆንም። ቢሆንም ከቀሚሳቸው ላይ አጥልቀው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ሰው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እሳቸው እንደ ሹመት ነበር የለበሱት። ከሥራቸው መሻራቸው የገባቸው ቆይቶ ነው።

እናቴ የዝና ከእኔ በኋላ አንድ ልጅ ፀንሳ ነበር። ምጡ ሲከብድ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ወንዙን አሻግረው ዳንግላ ሆስፒታል አደረሷት፤ ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ፣ ነፍስ ግን አልነበረውም። ከዓመታት በኋላ ደግማ ስትፀንስ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አጥብቃ ነገረቻት። ማህፀንሽ ላይ ጠባሳ አለ፣ ምጥ ሲመጣ ሊተረተር ይችላል፣ ወንዙ ሳይሞላ ዳንግላ ገብተሽ ሆስፒታሉ ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ቤት ቀንሽን ጠብቂ አለቻት። አባቴ በፈረስ አስፋልቱ ድረስ ሸኘንና ወደ ድንች ማሳው ተመለሰ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ቤትም ቀን የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እኔ አብሬ ሄድኩ። አስታማሚ ሆነው የመጡት እማማ አትጠገብ ነበሩ።

ማቆያው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ግራና ቀኝ የብረት አልጋ፣ አረንጓዴ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ጉንጩ ያበጠ የፈረንጅ ሕፃን ሥዕል። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ለሰው የሚሰማማው በጩኸት ነው። ከጓሮ አስታማሚዎች ሽሮ የሚሠሩባት ጥቀርሻ የለበሰች ጎጆ አለች። ከፊት ለፊት ደግሞ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር፣ ያውም አረንጓዴ፤ በተከፈተ ቁጥር የበረኪና ሽታ ይወጣበታል። ሴቶቹ አልጋቸው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ያን በር ያያሉ። አንዷ በአልጋ እየተገፋች ትገባለች፤ ከዚያ ወይ እልልታ ይሰማል ወይ ዝም ይላል። ዝም ሲል ቤቱ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ከአጥር ውጭ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ሲያልፍ እናቴ አንገቷን ታቀናለች።

ጠዋት ጠዋት አንዲት ወጣት አዋላጅ ሲስተር መሐል ላይ ቆማ ትመክራቸው ነበር። ደም ካያችሁ፣ ውኃ ከፈሰሳችሁ፣ ምጡ ለቋችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ አትጠብቁ፣ ጥሩን። ሆዳችሁን ለማንም አታሳሹ። እማማ አትጠገብ ከጥግ ሆነው «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሲስተሯም ሳቀች። ስቃ ስታበቃ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማማ፣ በተለይ የየዝናን ሆድ አደራ። ማሸት ጠባሳውን ይቀደዋል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ «እማማ፣ እስቲ ዳበስ ያድርጉኝ» ሲሏቸው ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ይቀመጡባቸው ነበር። እንደዚያ ሆነው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሲውሉ አየኋቸው። ካናቴራው ያልነገራቸውን ያ ቤት የነገራቸው ይመስለኛል።

እናቴ ግን እየባሰባት ሄደ። አጠገቧ ያለችው ሴት «ሁለቴ የተቀደደች ሌላ አትወልድም» ብላ አስፈራራቻት። ከማን እንደሰማች አይታወቅም፤ እውነት ይሁን አይሁን የጠየቀም የለም። የፍልሰታን ጾም «ነፍሰ ጡር አትጾምም» እየተባለች ጾመች። በአጥሩ ዳር እየዞረች ትውላለች፤ ዘበኛው ሲያያት ትመለሳለች፣ ፊቱን ሲያዞር ትዞራለች። ሲመሽ ከእማማ አትጠገብ ጋር ሲንሾካሾኩ እሰማቸዋለሁ።

«እማማ፣ ቤቴ ይውሰዱኝ። ያ በር የወሰደብኝን አልመለሰልኝም።»

«ዝም በይ አንች። የሲስተሯን ነገር አልሰማሽም? ይተረተራል እያለችሽ!»

«ይችን ልጄን ያወጣ እጅ ይህንንም ያወጣል።»

እማማ አትጠገብ እጃቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ይቀመጣሉ።

በገበያ ቀን ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል እናቴ ሻሿን አስራ፣ ጋቢዋን ደርባ ተነሳች። «ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ» አለች። እማማ አትጠገብ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡ። እናቴ ያን ስታይ ጉልበታቸውን ይዛ «ማርያምን ይበሉ። ቤቴ ያዋልዱኛል?» አለች።

እኛ ዘንድ ነጋዴ ሲምል ማንም ጆሮ አይሰጠውም፤ በአንድ ቀን ገበያ ማርያምን ስንት ጊዜ ይጠራታል! የአዋላጅ መሐላ ግን ሌላ ነው። አዋላጅ ነፍስን ከነፍስ የምታላቅቀው ማርያምን ጠርታ ስለሆነ፣ በስሟ ከዋሸች በጨነቃት ጊዜ አትመጣላትም ይባላል። እማማ አትጠገብ ሲምሉ የሰማ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት ግን «ማርያምን፣ አዋልድሻለሁ» አሉ። እናቴ ሳቀች። ከመጣን ጀምሮ ጥርሷን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ቤታችን የምንገባ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ለዘበኛው ሽሮ ልንገዛ ነው ብለነው ወጣን። መናኸሪያው ውስጥ አዲስ ቅዳም የሚሄድ ሚኒባስ አገኘንና ከኋላ ወንበር ተደረደርን። ሚኒባሱ ግን አልሞላም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አዲስ ቅዳም! እንጅባራ!» እያለ ይጮሃል፤ አንድ ሰው ይገባል፣ ሌላው ሰልችቶት ይወርዳል። እግራችን ሥር የድንች ጆንያ፣ ፊታችን የታሰሩ ዶሮዎች፣ መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ድንገት አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቀችው። በሌላ እጇ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳለች። ለካ ከሌሊት ጀምሮ ምጧን ደብቃ ኖሯል።

እማማ አትጠገብ መዳፋቸውን በቀስታ ሆዷ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«የዝና፣ ምጡ ሲለቅሽ ሕመሙም ይለቅሻል?»

«አይለቀኝም። እዚህ ጋ… አይለቀኝም። ይንዳው ብቻ፣ ይንዳው!»

መዳፋቸውን አላነሱም። በተረጋጋ ድምፅ «ይህ መኪና እስኪሞላ ይመሻል። በጋሪ ከከተማው እንውጣና አስፋልት ላይ የሞላ መኪና እንይዛለን» አሉ። ወርደው ጋሪ ጠሩ፤ ከባለጋሪው ጆሮ ተጠግተው የሆነ ነገር ነገሩት። እናቴን አጋድመናት ከላይ ሰማያዊ ሸራ ተደረገብን። እርጥብ ጋቢያችን ከሸራው ሥር ያፍነናል። ጋሪው በድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ እናቴ «እየወጣን ነው?» ትላለች፤ እማማ አትጠገብ «እየወጣን ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ሸራው ላይ በነበረ ቀዳዳ ወደ ውጭ አየሁ። ጠዋት ስንወጣ ያለፍነው ወፍጮ ቤት ነበር። ቀና ብዬ እማማ አትጠገብን አየሁ። ዝም በይ አላሉኝም፤ እንባቸው ብቻ ይወርድ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ፈረሱ ቆመ። የበር ሰንሰለት ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ በሸራው ሥር የበረኪና ሽታ ገባ። ከእኔ ቀድማ ያሸተተችው እናቴ ናት።

«እማማ! ማርያምን ብለውኝ! ማርያምን ብለውኝ!»

ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰዎች ተሯሩጠው መጡ፣ በአልጋ አድርገው እየገፉ ወሰዷት፣ አረንጓዴው በር ተዘጋ። እማማ አትጠገብ ከታዛው ሥር አልተጠለሉም። ግንቡ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ዝናብ እየመታቸው ተቀመጡ፤ ብጎትታቸውም አልነሳ አሉኝ። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ፤ ወደ በሩ መሄድ ፈራሁ፣ እሳቸውንም ትቼ መሄድ አልቻልኩም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ወንድ ልጅ ነው፣ ይኖራል፤ እናትየውም ደም ፈሷታል እንጂ ትተርፋለች አለ። ጠባሳው መላቀቅ ጀምሮ ነበር፣ መንገድ ላይ ብትሆን ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር አለ። እልል የሚሉት እማማ አትጠገብ መስለውኝ ዞሬ አየኋቸው፤ ለወንድ ልጅ የእሳቸውን ያህል የሚያስተጋባ አልነበረም። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እልል ያሉት የማቆያው ሴቶች ናቸው።

እናቴ ስትነቃ ልጇን ጠየቀች፣ ውኃ ጠየቀች። እማማ አትጠገብ ከግርጌዋ ሲቆሙ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትሞት እንደነበር ታውቃለች፤ ለአባቴም በራሷ አፍ ነግራዋለች። አልዋጥ ያላት ሌላ ነበር። «ትሞቻለሽ ቢሉኝ እሰማቸው ነበር፤ በማርያም ለምን?» ትል ነበር። ትሰማቸው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ እንጃ። ያኔ ማንንም የምትሰማ አልነበረችም።

ወሬው ወንዙን ከእኛ ቀድሞ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ እማማ አትጠገብን ለምጥ የጠራ የለም፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሉም «ምለው የሚክዱ» እየተባለ የሚከተላቸው ጠፋ። ሴቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌላ ሰው ጋር ነው። ንስሐ አባታቸው ጾምና ስግደት ሰጧቸው፣ ፈጸሙ፣ ይፍታዎት ተባሉ። እጃቸው ግን ከሥራ ወጣ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ባለችው ቤታቸው፣ በር ላይ፣ እንደ ማቆያው እጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ይውሉ ነበር። ወንድሜ እዚያው አደገ ማለት ይቻላል፤ የተቀቀለ ድንች እያበሉ አፉን አስፈቱት። እናቴ አትሂድ አላለችውም። በዓመት በዓል መጀመሪያ የሚወጣውን ወጥ በእኔ እጅ ትልክላቸዋለች፤ እሷ ግን ደጃፋቸውን ረግጣ አታውቅም።

ከፍ ስል አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ሲምሉ ሊዋሹ አስበው ነበር?»

«አይ ልጄ። ስምል የምሬን ነበር። እጄ አማረው። አንድ ነፍስ፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ድሮው ልቀበል ብዬ ጎመጀሁ። ሆዷን ስነካው ግን አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። እንደዚያው አልለቅ ብሏት በእጄ ላይ ያለፈች። ሰው የዳኑትን ነው የሚያወራልኝ፤ የሞቱትን የማውቃቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ለእማ ለምን አይነግሯትም?»

«በማርያም ምዬ አፍርሼ ደግሞ ምክንያት ልደርድር?» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

አምና አረፉ። እናቴ ቀብራቸው ላይ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ዋለች፤ አላለቀሰችም። ሰው ይህንንም አየባት።

ዛሬ ጠዋት እኔ ወሰንኩ። ባለቤቴን ባጃጁን አምጣ፣ በኋላ በር እወጣለሁ አልኩት። ሌሊቱን ራሴ ሲፈልጠኝ አድሯል፣ ዓይኔ ፊት ጉንዳን የሚተራመስ ይመስለኛል፤ ለሲስተሯ አልነገርኳትም። ብነግራት አልጋው ላይ የባሰ ትቸነክረኛለች ብዬ ነው። እሱ ሳይደርስ እናቴ ከገጠር ደረሰች። ገና ሳትቀመጥ «እማ፣ አንገፈገፈኝ። ቤት ውሰጅኝ» አልኳት።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«ዓይንሽስ?»

እንደ ልጅ እጇን ይዤ «ትወስጅኛለሽ? ማርያምን በይ» አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ማርያምን የሚል የለም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቴን ነው ያየችው፤ ያበጠውን። «ማርያምን፣ እወስድሻለሁ» አለች። ጎንበስ ብላ ጫማዬን ከአልጋው ሥር አነሳች፣ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ወጣች። ልታጸዳልኝ መስሎኝ ተነስቼ ሻሼን አሰርኩ። ድምጿ ከኮሪደሩ መጣ።

«ሲስተር! ነይማ! ራሷን ያማታል፣ ዓይኗም ብዥ ይልባታል፤ ደብቃችሁ ነው!»

እየሮጡ መጡ። መርፌ ወጉኝ፣ መጋረጃውን ዘጉ፣ አልጋዬን ወደ ሲስተሮቹ በር አስጠጉት። ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ትንሽ ብትቆዪ ያንቀጠቅጥሽ ነበር አለችኝ ሲስተሯ። ነገ ጠዋት ሊያዋልዱኝ ወስነዋል። ባለቤቴም በር ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሁሉም ጋብ ሲል እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጫማዬን አልመለሰችልኝም። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን እጇን ያዝኩት።

«ነገ ልጅሽን ካየሁ በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። ጫማዬን በነጠላዋ ደህና ሸፈነችና ጨመረች፤ «የእማማ አትጠገብንም ስም በጸሎት አስጠራለሁ።»